እንጨትና እንፋሎት

አርስቶትል በ«ሜታፊዚክስ» ስለ ቁስና ስለ ቅርጽ ሲመረምር መጋዝን ምሳሌ ያደርጋል። መጋዝ ከሱፍ ወይም ከእንጨት ሊሠራ አይችልም ይላል፤ ሠሪው የፈለገውን ያህል ባለሙያ ቢሆን፣ ሥራው መቁረጥ የሆነ ዕቃ መቁረጥ የሚችል ቁስ ግድ ይለዋል። በዚህ ሚዛን ሲመዘን ከእንጨት የሚሠራ የእንፋሎት ሞተር ከንቱ ድካም መምሰሉ አይቀርም። ሞተሩ የሚኖረው በእሳት፣ በፈላ ውሃና በግፊት ነው፤ እንጨት ደግሞ በእሳት ይነዳል፣ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ እንፋሎት ሲያገኘው ይለሰልሳል። እንዲያም ሆኖ በእንጨት ሥራ የተካኑ ሰዎች ሲሊንደሩም፣ ፒስተኑም፣ ፒስተኑን ከሚዞረው ክራንክ ጋር የሚያያይዘው ቢየላም፣ ቮላኖ የሚባለው ከባድ ጎማም ከእንጨት የሆነ፣ በእውነት የሚሽከረከር ትንሽ ሞተር ይሠራሉ። ነገሩ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። እኔ ግን በቁም ነገር ሊታይ ይገባዋል እላለሁ። ከማይስማማው ቁስ የተሠራ ሞዴል፣ ከሚስማማው ከተሠራው ይልቅ ስለ ማሽኑ ብዙ ያሳውቃል። ብረት ሙቀትንም፣ ግፊትንም፣ ሰበቃንም አንድ ላይ ስለሚችል የትኛው የሞተር ክፍል ምን እንደሚጠይቅ ለይቶ አይነግረንም። እንጨት አንዱን ይችላል፣ ሌላውን እምቢ ይላል፤ እምቢ ያለበትን ቦታ ስንመረምር ማሽኑ ከቁስ የሚፈልገውን ነገር በየስሙ እናገኘዋለን።

በመጀመሪያ እንጨት ምን እንደሚችል እንይ። ከሁሉ የሚቀለው የሞተር ዓይነት ሲሊንደሩ ራሱ የሚወዛወዘው ነው። በዚህ ሞተር ውስጥ ለብቻው የቆመ ቫልቭ የለም። ሲሊንደሩ በአንድ ለስላሳ ጣውላ ፊት ላይ በአንዲት ችካል ተሰክቶ ይቆማል፤ የፒስተኑ ዘንግ ያለ ቢየላ በቀጥታ ከክራንኩ ጋር ይያያዛል። ክራንኩ ሲዞር ዘንጉን፣ ዘንጉም ሲሊንደሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዘዋል። በሲሊንደሩ ጎን አንድ ቀዳዳ አለ፤ በጣውላው ላይ ደግሞ ሁለት፣ ማስገቢያና ማስወጫ። ሲሊንደሩ ወደ አንዱ ወገን ሲያዘነብል ቀዳዳው ከማስገቢያው ጋር ይገጥምና ግፊቱ ገብቶ ፒስተኑን ይነዳዋል። ወደ ሌላው ሲያዘነብል ከማስወጫው ጋር ይገጥምና ሥራውን የጨረሰው ይወጣል። ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ በሚመለስባት ቅጽበት ሁለቱም ዝግ ናቸው፤ ያን ጊዜ ሞተሩን የሚያሻግረው በቮላኖው ውስጥ የተከማቸው ጉልበት ብቻ ነው። ከብረት የተሠራ ቮላኖ ክብደቱን ያለ ሐሳብ ይዞ ይመጣል። እንጨት ግን ቀላል ስለሆነ ሠሪው ክብደቱ የት መቀመጥ እንዳለበት እንዲያስብ ያስገድደዋል። ያው ክብደት ከመሃል የሚርቅበት ርቀት እጥፍ ሲሆን፣ በአንድ ዓይነት የመዞር ፍጥነት የሚያከማቸው ጉልበት 4 እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ የእንጨቱ ቮላኖ ሰፋ ይላል፣ መሃሉ ይፈለፈላል፣ ጠርዙ ይወፍራል። ይህ የቮላኖ ሕግ በብረቱም ውስጥ ነበረ። ሠሪው ግን ሳያየው ማለፍ ይችል ነበር።

ይህ ሁሉ እንቅስቃሴ በእንጨት ሙሉ በሙሉ ይሠራል፤ ይህም ራሱ አንድ ግኝት ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ፍራንዝ ሮይሎ እ.ኤ.አ. በ1875 ባሳተመው መጽሐፉ ማሽንን እንደ ጥንድ ጥንድ ግንኙነቶች ሰንሰለት ተመለከተው፦ ዘንግ በቀዳዳው ውስጥ ይዞራል፣ ፒስተን በሲሊንደሩ ውስጥ ይንሸራተታል፣ ክራንክ ከቢየላ ጋር ይተሳሰራል። በዚህ አመለካከት እንቅስቃሴው የሚወሰነው በሚነካኩት ገጾች ቅርጽ ነው፤ ገጾቹ ከምን እንደተሠሩ ለጊዜው ወደ ጎን ይቀመጣል። የሮይሎ የማስተማሪያ ሞዴሎች ከብረትና ከናስ ስለነበሩ ትምህርቱ እውነት መሆኑን ለማመን ተማሪው በሐሳቡ ቁሱን መቀነስ ነበረበት። የእንጨቱ ሞተር ይህን ቅነሳ በእጅ ይሠራዋል። ብረቱን በሙሉ አውጥተን እንቅስቃሴው ከቀረ፣ ያ እንቅስቃሴ የብረት ንብረት እንዳልነበረ ታወቀ ማለት ነው።

ነገር ግን «ቅርጹ ብቻ ይበቃል» የሚለው አባባል ራሱ እንጨት ላይ ሲደርስ ይፈተናል። ቅርጽ የሚኖረው ቁሱ እስከጠበቀው ድረስ ነው። አንድ አናጢ ከጥሩ ጣውላ ላይ ክብ ጉድጓድ በቶርኖ አውጥቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ ፒስተኑን በልኩ ቢገጥም፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፒስተኑ ሲንቀሳቀስ በአንድ አቅጣጫ ይይዛል፣ በሌላው ደግሞ አየር ያሾልካል። ክቡ ሞላላ ሆኗል። ምክንያቱ በእንጨቱ ውስጥ አለ። እንጨት እርጥበት ሲያጣ በሦስት አቅጣጫ በሦስት የተለያየ መጠን ይሸማቀቃል፦ በቃጫው ርዝመት ከቁጥር የማይገባ፣ ከግንዱ መሃል ወደ ልጡ ባለው መስመር ጥቂት፣ የዕድሜ ቀለበቶቹን ተከትሎ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የዚያን እጥፍ ያህል። እርጥበት ሲጠጣም በዚያው ልክ ያብጣል። ስለዚህ የጉድጓዱ መሃል መስመር ከቃጫው ጋር ትይዩ ይሁን ወይስ ይቁረጠው የሚለው ጥያቄ በብረት ሞተር ውስጥ ፈጽሞ የማይነሣ፣ በእንጨት ሞተር ውስጥ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። መፍትሔዎቹም እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ያስተምራሉ። ስስ ጣውላዎችን ቃጫቸውን እያቆራረጡ በሙጫ መደረብ አንዱ የሌላውን መሸማቀቅ እንዲይዝ ያደርጋል። ፒስተኑን ትንሽ አሳንሶ ዙሪያውን በሞራ የራሰ ቆዳ ማልበስ ደግሞ ክብነትን ከጠንካራው ክፍል ወደ ልስልሱ ያሸጋግራል። ይህ ሁለተኛው ዘዴ የብልሃተኛ አናጢ ፈጠራ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ቶማስ ኒውኮመን በ18ኛው መቶ ዓመት መባቻ የሠራቸው ግዙፍ ሞተሮችም ፒስተናቸው በቆዳ የታጠረ፣ ከላዩም አየር እንዳያሾልክ ውሃ የተኛበት ነበር። በዚያ ዘመን ትልቅ ሲሊንደርን በትክክል ክብ አድርጎ የሚቦረቡር መሣሪያ አልነበረም፤ እንግሊዛዊው ብረት አምራች ጆን ዊልኪንሰን የመድፍ መቦርቦሪያውን ፓተንት ያወጣው በ1774 ነው። የእንጨቱ ሞተር ሠሪ ዛሬ የሚታገለው ከዚያው ችግር ጋር ነው፤ ትክክለኛ ክብነት የሞተሩ መነሻ ሳይሆን ከዘመናት ጥረት በኋላ የተገኘ ነገር መሆኑን ያኔ ይረዳል።

እዚህ ላይ ተቃዋሚ፣ «ይህ ሁሉ እውነተኛ ሞተር ካለ በኋላ በሌላ ቁስ የሚደረግ ማስመሰል ነው፤ የብረቱ ሞተር ለእንጨቱ ምንም ዕዳ የለበትም» ሊል ይችላል። ዕዳማ አለበት። ከቀለጠ ብረት የሚሠራ የሞተር አካል ሁሉ በመጀመሪያ እንጨት ነበር። የቅርጽ ሠሪ አናጢ ሲሊንደሩን፣ የቮላኖውን ጎማ፣ የቫልቩን ሳጥን ከእንጨት ጠርቦ ያወጣል፤ ያ እንጨት በአሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ሲወጣ ባዶ ቦታውን ይተዋል፣ የቀለጠው ብረት የሚሞላው ያንን ባዶ ነው። አናጢው እንጨቱን የሚሠራው በእውነተኛው ልክ አልነበረም፤ ብረት ሲቀዘቅዝ ከ100 አንድ ያህል ስለሚሸማቀቅ መለኪያው ራሱ በዚያው መጠን የተዘረጋ ነበር። ውስጡ ክፍት ለሆነ ሲሊንደር ደግሞ የክፍተቱን ቅርጽ የሚያወጣ ሌላ የእንጨት ሳጥን ያስፈልገዋል። ስለዚህ ስለ እንፋሎት ዘመን ስንናገር ብረቱን ብቻ ማየታችን ታሪኩን ያጎድለዋል። በየብረት ማቅለጫው ጣሪያ ስር ከእንጨት የተሠሩ፣ የማይንቀሳቀሱ ሞተሮች ተደርድረው ይቀመጡ ነበር። «እነዚያ አይሠሩም» ቢባል ትክክል ነው፤ ቅርጽን እንጂ ግፊትን አይሸከሙም። በእነሱና በብረቱ ሞተር መካከል ያለውን ርቀት የሚመረምረው የሚሠራው የእንጨት ሞዴል ነው።

ዋናው ማስረጃ ግን ከጄምስ ዋት ሥራ የሚገኝ ነው። በ1763 እና በ1764 መካከል በነበረው የአውሮፓ የብርድ ወራት ዋት በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ መሣሪያ የሚሠራና የሚጠግን ባለሙያ ሳለ፣ ለማስተማሪያ የተሠራ የኒውኮመን ሞተር ሞዴል እንዲጠግን ተሰጠው። የኒውኮመን ሞተር አሠራር በአጭሩ እንዲህ ነው፦ እንፋሎት ከፒስተኑ በታች ያለውን ሲሊንደር ይሞላል፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ተረጭቶ እንፋሎቱ ወደ ውሃ ይመለሳል፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠራል፤ የከባቢ አየር ክብደት ፒስተኑን ወደ ታች ይጫነዋል፤ ፒስተኑም በትልቅ የእንጨት ወጋግራ በኩል በሌላው ጫፍ ያለውን የማዕድን ጉድጓድ ፓምፕ ያነሣል። የሞዴሉ ሲሊንደር ከናስ የተሠራ፣ ወርዱ 2 ኢንች፣ የፒስተኑ ጉዞ 6 ኢንች ነበር። ዋት ጠግኖ ሲያስነሣው ቦይለሩ ለመጠኑ የሚበቃ እየመሰለ ሞተሩ ጥቂት ጊዜ ተመላልሶ ይቆማል፤ እንፋሎቱ ያልቃል። ዋት ጥርጣሬውን በቁሱ ላይ ጣለ፤ ናስ ሙቀትን ፈጥኖ ያሳልፋል፣ ስለዚህ እንፋሎቱ የሲሊንደሩን ግድግዳ በማሞቅ ይባክናል። ይህን ለመፈተን ወርዱ 6 ኢንች፣ ጉዞው 12 ኢንች የሆነ ሲሊንደር ከእንጨት ሠራ። እንጨቱን በተልባ ዘይት ነክሮ እስኪደርቅ በሙቀት ጋገረው።

ይህን ሙከራ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ዋት እንጨትን የመረጠው ርካሽ ስለሆነ ወይም ሌላ ስላጣ አይደለም። የብረት ድስት እጀታው እንጨት የሚሆንበት ምክንያት ነው ሙከራውን የወለደው፤ ደረቅ እንጨት ሙቀትን የሚያሳልፈው ከናስ በመቶዎች እጥፍ አንሶ ነው። ጥያቄው የተጠየቀው ቁስን በቁስ በመለወጥ ነው፦ ብክነቱ የናሱ ጥፋት ከሆነ፣ ናሱ ሲወጣ ብክነቱ አብሮ ይወጣል። መልሱ ግን የተጠበቀው አልሆነም። እንጨቱ ለረጅም ጊዜ የሚበረክት ዓይነት አልነበረም፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሲሊንደሩን ለመሙላት የሚጠፋው እንፋሎት በትልልቆቹ ሞተሮች ከሚጠፋው ጋር ሲመጣጠን አሁንም በልጦ ተገኘ። የተሻለ ባዶነት ለማግኘት ቀዝቃዛውን ውሃ ሲጨምር ብክነቱም አብሮ ጨመረ። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ከባድ ነው፤ ጥፋቱ በግድግዳው ቁስ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። በአንድ ዕቃ ውስጥ እንፋሎትን እያፈራረቁ ማሞቅና ማቀዝቀዝ፣ ማለትም የሥራው ዙር ራሱ፣ አባካኝ ነበር። ከናስ ይልቅ ሙቀት የማያሳልፍ ግድግዳ ያው ሥራ ሲሰጠው ያው በሽታ ከታየበት፣ በሽታው ያለው በሥራው ነው።

«ይህ ትርጓሜ እንጨቱን ከልክ በላይ ያከብራል» የሚል ተቃውሞ ይመጣል፤ ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ዋት ከዚያ በኋላ እንፋሎት ከውሃው ስንት እጥፍ ቦታ እንደሚይዝ ለካ፤ እንፋሎት ወደ ውሃ ሲመለስ ከራሱ ክብደት 6 እጥፍ የሚሆን ውሃ እስከ መፍያው ሊያሞቅ እንደሚችል አይቶ ተደነቀ፤ የዩኒቨርሲቲው መምህር ጆሴፍ ብላክም ስለ ስውር ሙቀት፣ ማለትም ውሃ ትኩሳቱ ሳይጨምር እንፋሎት ሲሆን ስለሚውጠው ሙቀት፣ ያስተማረውን አስረዳው። እንፋሎቱን ከሲሊንደሩ ውጭ፣ ቀዝቅዞ በሚኖር ሌላ ዕቃ ውስጥ የመመለስ ሐሳብ የመጣለት በ1765 በግንቦት ወር በግላስጎው ግሪን መስክ ሲንሸራሸር ነው። ይህን ሐሳብ እንጨቱ ወለደው ማለት አልችልም። እንጨቱ የሠራው አንድ ቀላል የሆነ ማብራሪያን ከመንገድ ማስወገድ ነው። በዕውቀት ታሪክ ውስጥ ደግሞ ቀላል ማብራሪያን ማስወገድ ትንሽ ሥራ አይደለም፤ ዋት ናሱን በሌላ ብረት እየለወጠ ቢቀጥል ኖሮ ሁሉም ብረቶች ሙቀት ስለሚያሳልፉ ጥርጣሬው በቁሱ ላይ ተጣብቆ በቀረ ነበር። ለማስወገድ የሚችለው ከብረት ወገን ያልሆነ፣ ጠባዩ ተቃራኒ የሆነ ቁስ ነው። የሚያስደንቀው ደግሞ የታሪኩ ቀጣይ ነው። ዋት በ1769 ባወጣው ፓተንት ሲሊንደሩ ሁልጊዜ እንደ እንፋሎቱ ትኩስ ሆኖ እንዲቆይ ያዝዛል፤ ለዚህም ከሚዘረዝራቸው ዘዴዎች የመጀመሪያው ሲሊንደሩን በእንጨት ወይም ሙቀትን በዝግታ በሚያሳልፍ ሌላ ነገር መሸፈን ነው። እንጨቱ ከሲሊንደርነት ተባረረና ልብስ ሆኖ ተመለሰ። ኋላም የመጀመሪያዎቹ ባቡሮች ቦይለር በእንጨት ጣውላ ተለብጦ ይሄድ ነበር። የእንጨት ሲሊንደር መውደቁ እንጨት በሞተሩ ውስጥ ትክክለኛ ቦታው የት እንደሆነ አሳይቷል፤ ግፊትንና እርጥበትን ለብረት ትቶ፣ ሙቀትን መጠበቅን ለራሱ ያዘ።

በዋት ሞዴል ውስጥ ሌላም ነገር አለ፤ መጠን። ጋሊሊዮ በ1638 ባሳተመው የመጨረሻ ትልቅ ሥራው፣ ትንሽ ማሽን ስለሠራ በዚያው ቅርጽ የተሠራ ትልቅም ይሠራል የሚለውን እምነት አፍርሶታል። ይዘት በኩብ ሲያድግ የገጽ ስፋት የሚያድገው በካሬ ነው። ቅርጻቸው አንድ የሆኑ ሁለት ሲሊንደሮች፣ የአንዱ ወርድ 2 ኢንች፣ የሌላው 60 ኢንች ቢሆን፣ ትንሹ ለያዘው እንፋሎት የሚያጋልጠው ግድግዳ ከትልቁ 30 እጥፍ ይበልጣል። በማዕድን ጉድጓዱ ላይ ለግማሽ መቶ ዓመት ሲሠራ የነበረ ብክነት ትኩረት ሳይስብ ሲኖር፣ በማስተማሪያ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ሞተሩን ያቆመው ለዚህ ነው። የሞዴል ጉድለት የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ጥቅም ሆነ፤ ትንሽነቱ በትልቁ ውስጥ የተኛውን በሽታ አጋኖ አሳየ። የእንጨት ሞዴል በዚህ ላይ የቁስን ማጋነን ይጨምርበታል። ሞዴል የሚጠቅመው እውነተኛውን ሲመስል ነው የሚለው የተለመደ አስተሳሰብ ስለዚህ መታረም አለበት። ፍጹም የሚመስል ሞዴል የሚነግረን አስቀድመን የምናውቀውን ነው፤ በምን በምን እንደሚለይ ጠንቅቀን የምናውቀው ሞዴል ግን ልዩነቱ በራሱ መመርመሪያ ይሆናል።

«ታዲያ እንጨት ከእንፋሎት ጋር በትልቅ ሥራ ተሞክሮ ያውቃል ወይ?» ለሚል፣ አዎን፣ ቦይለር ጭምር ከእንጨት ተሠርቷል። የፊላዴልፊያ ከተማ የመጀመሪያ የውሃ አገልግሎት በ1801 ሥራ ሲጀምር፣ በመሐንዲሱ በቤንጃሚን ላትሮብ ዕቅድ የቆሙት የእንፋሎት ሞተሮች ቦይለር ከወፍራም የጥድ ሳንቃ የተገጣጠመ ሣጥን ነበር፤ የእሳቱ ምድጃ ብረት ሆኖ በውሃው መካከል ይቀመጣል፣ ስለዚህ እሳት ከእንጨቱ ጋር አይገናኝም። ስሌቱ ሞኝነት አልነበረም። የእንፋሎቱ ግፊት ከከባቢ አየር እምብዛም አይበልጥም፣ እንጨቱ ሙቀቱን ይይዛል፣ በዙሪያውም እንጨት ሞልቷል። ያሸነፈው መገጣጠሚያው ነው። ሳንቃዎቹ እየሞቁና እየቀዘቀዙ፣ እየራሱና እየደረቁ ሲኖሩ እንፋሎቱ በየስንጥቁ መውጣት ጀመረ፤ በመጨረሻ ብረት ቦታቸውን ወሰደ። እዚህም ላይ ውድቀቱ ዝርዝር አለው። እንጨቱ አልነደደም፤ በግፊቱም አልፈነዳም። የወደቀው የሁለት ሳንቃ ድንበር በሆነው ቦታ ላይ ነው። ቦይለርን ቦይለር የሚያደርገው የግድግዳው ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን ያልተቋረጠ መሆኑ ጭምር እንደሆነ፣ አንድ ወጥ የሆነ የብረት ዕቃ ብቻ ያየ ሰው መቼም አያስበውም።

በተቃራኒው ደግሞ እንጨት ብረትን ያሸነፈበት ቦታ አለ፤ ይህን መጥቀስ የሚያስፈልገው ክርክሬ እንጨት ደካማ ነው ወደሚል እንዳያዘነብል ነው። በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ፕሮፔለር መጠቀም ሲጀምሩ፣ ዘንጉ ከመርከቡ ወደ ባሕሩ በሚወጣበት ቦታ የሚሸከመው የናስ ኩሽኔታ በፍጥነት እየተበላ አስቸገረ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆን ፔን በ1854 ያመጣው መፍትሔ ሊግነም ቪታይ የተባለው፣ ውሃ ውስጥ እስኪሰጥም ድረስ ከባድና በተፈጥሮው ቅባታም የሆነ እንጨት ነበር። የባሕር ውሃው ራሱ ማለስለሻ ሆኖት፣ ብረቱ ያልቻለውን ሰበቃ ቻለው። ሌላው ምሳሌ ከቪየና ነው። ሚካኤል ቶኔት በ1859 ያወጣው ቁጥር 14 ወንበር የሚሠራው የቢች እንጨትን በእንፋሎት አለስልሶ በማጠፍ ነው። ሊግኒን የተባለው፣ ቃጫዎቹን አንድ ላይ የሚይዘው ነገር፣ በእርጥብ ሙቀት ይላላል፣ ሲቀዘቅዝ በአዲሱ ቅርጽ ይጸናል። የእንጨቱን ሲሊንደር ያበላሸው ያው ጠባይ የዓለምን ወንበር ሠራ። ስለዚህ «እንጨት እንፋሎትን አይችልም» የሚለው አባባል ለዳኝነት አይበቃም፤ በየትኛው ሥራ፣ በየትኛው አቅጣጫ፣ ለምን ያህል ጊዜ ተብሎ መጠየቅ አለበት። አርስቶትልም ቢሆን የተናገረው ስለ መጋዝ ነው፤ መጋዝ አንድ ሥራ አለው። የእንፋሎት ሞተር ግን የብዙ ሥራዎች ስብስብ ስለሆነ፣ ለአንዱ የማይበቃ ቁስ ለሌላው ከሁሉ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ገና ቀርቷል። ዛሬ የሚሠሩት አብዛኞቹ የእንጨት ሞተሮች የሚዞሩት በእንፋሎት ሳይሆን በታመቀ አየር ነው። ታዲያ እንፋሎት የሌለው የእንፋሎት ሞተር ምንድን ነው? ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሳዲ ካርኖ በ1824 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ የሙቀት ሞተር ጉልበት የሚመነጨው ሙቀት ከሞቀ ወደ ቀዘቀዘ አካል በመሄዱ እንደሆነ፣ የጉልበቱም ከፍተኛ ልክ በሁለቱ የሙቀት መጠን እንጂ በመካከል በሚሠራው ነገር ዓይነት እንደማይወሰን አስረዳ። እንፋሎት ይሁን አየር ለካርኖ ልዩነት የለውም የሚለውን ይዞ የአየሩን ሞተር መከላከል ይቻል ይሆናል፤ እኔ ግን በዚህ መከላከያ አልጠቀምም። ካርኖ የሚናገረው ስለሚሞቅና ስለሚቀዘቅዝ ነገር ነው፤ የታመቀው አየር ግን ሞተሩ ውስጥ ሙቀትን ወደ ሥራ አይለውጥልንም፣ ሥራው አስቀድሞ በሌላ ቦታ፣ በአየር መጭመቂያው ውስጥ፣ ተሠርቶ አልቋል። ስለዚህ በአየር የሚዞረው የእንጨት ሞተር ስለ እንቅስቃሴ ሥርዓት እውነትን ይናገራል፣ ስለ ሙቀት ደግሞ ዝም ይላል። ይህን በግልጽ ማመን ክርክሩን አያፈርሰውም፤ እንዲያውም ያጠራዋል። አየሩ የእንቅስቃሴውን ግማሽ ለብቻው እንድናይ ፈቀደልን፤ አሁን እንፋሎቱን ስናስገባ የሚጨመረው ችግር ሁሉ የሙቀትና የእርጥበት ድርሻ መሆኑን በእርግጥ እናውቃለን። ተቃዋሚው «ይህንንስ ኮምፒዩተር አያሳይም?» ቢል፣ ኮምፒዩተሩ የሚያሳየው እኛ የሰጠነውን ሕግ ነው፤ እንጨቱ ሞላላ እንደሚሆን ያልነገርነው ኮምፒዩተር ክቡን ክብ አድርጎ ለዘላለም ያዞረዋል። እንጨት ግን ማንም ያልነገረውን ያውቃል።

ከዚህ የሚከተል አንድ የአሠራር ሐሳብ አለኝ። ሥራውን የሚያስብ አናጢ ወይም መምህር በአገራችን እንጨቶች ሊሞክረው ይችላል፦ ወይራ ጠጣርና ከባድ ስለሆነ ለኩሽኔታና ለችካሎች፣ ዋንዛ ለመላጊያ ስለሚታዘዝ ለመቀመጫውና ለጎማው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ እንጨቱ የሚገናኘው እንፋሎት ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ትንሽ ይቀዘቅዛል። በሌላ በኩል የከባቢ አየሩ ግፊት እዚህ ከባሕር ወለል ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የኒውኮመን ዓይነት ሞዴል ጉልበቱ በሩብ ያንሳል። ቦይለሩ ግን በምንም ሁኔታ ከእንጨት አይሁን፤ በባለሙያ የተሠራ፣ ግፊቱ ሲበዛ የሚያስተነፍስ ቫልቭ ያለው የመዳብ ዕቃ ይሁን። ሌላው ሁሉ በእንጨት ይጀመር፤ ብረት የሚገባው እንጨቱ ያልቻለበት ቦታ ሲታወቅ፣ አንድ በአንድ ነው። ሲሊንደሩ መጀመሪያ በአየር ይፈተን፤ ከዚያ በተልባ ዘይት ተነክሮና ደርቆ እንፋሎት ይግባበት። ፒስተኑ ታንቆ ሲቆም ሠሪው በብስጭት ወደ ናስ ቱቦ አይሩጥ። ሲሊንደሩን ፈትቶ ወርዱን በዕድሜ ቀለበቶቹ አቅጣጫና እነሱን በሚያቋርጠው መስመር ለየብቻ ይለካ፤ ሁለቱን ቁጥሮች ከመጀመሪያው ልክ ጎን በጣውላው ላይ ይጻፋቸው፤ ናሱን የሚያስገባው ከዚያ በኋላ ነው።